ትርፍ መጠቅለያ፤ ስለ ኔትዎርክ ድራይቨር ኮድ ጥቂት መግለጫ

በሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ያለፈ ሰው ሁሉ ኮንቴይነር ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ዕቃው ከባሕር ማዶ ተጭኖ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከጅቡቲም በከባድ መኪና ወይም በባቡር ሞጆ ይገባል፤ ከዚያ ተከፍቶ ለባለቤቱ ይሰጣል። በመንገዱ ላይ ሰነዱን የሚቀበሉ፥ የሚመረምሩና የሚፈርሙ ብዙ እጆች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እጅግ አስፈላጊ ናቸው፤ የጉምሩኩ ሠራተኛ ዕቃውን ባይመረምር ኮንትሮባንድ እንደ ልብ ይገባ ነበርና። ነገር ግን በመካከል አንድ ጸሐፊ ተቀምጧል እንበል፤ ሥራውም ወረቀቱን በቀኝ እጁ ተቀብሎ፥ ሳያነበውና ምንም ሳይጽፍበት፥ በግራ እጁ ለሚቀጥለው ሰው ማሳለፍ ብቻ ይሁን። ይህን ጸሐፊ ምን እናድርገው? መልቲሞዳል የሚባለው አሠራር፥ ዕቃው ከተጫነበት ወደብ ጀምሮ እስከ ሞጆ ድረስ በአንድ ሰነድና በአንድ ኀላፊ እንዲመጣ የሚያደርገው፥ እንደዚህ ያለውን የእጅ ብዛት ለመቀነስ ነው።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ ያሰብሁት ግን ስለ ወደብ ሳይሆን በኮምፒዩተር ኮድ ውስጥ ስለሚቀመጠው ስለዚያ ጸሐፊ ነው። ፕሮግራም ሠሪዎች መጠቅለያ ፋንክሽን ይሉታል። ምሳሌውንም የማመጣው ከሊኑክስ ነው፤ ምክንያቱም የሊኑክስ ኮድ ለማንም ሰው ክፍት ስለ ሆነ፥ በአዳማ ያለ ተማሪም በበርሊን ያለ መሐንዲስም እኩል ሊያነበው ይችላል።

ሊኑክስ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ የጀመረው፥ ዛሬ ግን በብዙ አገር ያሉ ሰዎች በኅብረት የሚጽፉት የኮምፒዩተር እምብርት ነው። እምብርት ያልሁት እነርሱ ከርነል የሚሉትን ነው፤ ይኸውም ብረቱንና ሽቦውን ከፕሮግራሞቹ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ማለት ነው። ብዙዎቻችን በኪሳችን የያዝነው የአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በዚሁ ከርነል ነው። ኮዱ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የድራይቨር ኮድ ነው።

ድራይቨር በእንግሊዝኛ ሾፌር ማለት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሙም የተገባ ነው። በአዳማ መናኸሪያ የሚሳፈር ሰው ስለ ፍሬንና ስለ ማርሽ ምንም ሳያውቅ «ሻሸመኔ» ብሎ ይገባል፤ የመኪናውን ጠባይ የሚያውቀው ሾፌሩ ነው። ከርነሉም «ይህን መልእክት ላክ» ወይም «የመጣውን አምጣ» ብሎ ሲያዝ፥ የዋይፋዩን ወይም የብሉቱዙን ዕቃ ጠባይ ለይቶ የሚያውቀው ድራይቨሩ ነው። መልእክቱ በኔትዎርክ የሚሄደው በትንንሽ ጥቅል ተቆራርጦ ነው፤ እያንዳንዱም ጥቅል ፓኬት ይባላል።

ፋንክሽን ደግሞ ስም የወጣለት የሥራ ትእዛዝ ነው። በሒሳብ ትምህርት ከምናውቀው ብዙ አይርቅም፤ አንድ ነገር ሰጥተነው አንድ ነገር ይመልስልናል። አንዱ ፋንክሽን ሌላውን ሊጠራ ይችላል። እንግዲህ መጠቅለያ የምንለው ሥራው ሌላውን መጥራት የሆነ ፋንክሽን ነው። የኮምፒዩተሩን ቋንቋ ትቼ በአማርኛ ብጽፈው እንዲህ ይመስላል፤

የእኔ_ካርድ_ፓኬት_ጣል (ፓኬት)፦
የከርነሉን_ፓኬት_ጣል (ፓኬት) ጥራ

ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። የተቀበለውን እንደ ተቀበለ ያሳልፋል። እንዲህ ያለው በድራይቨሮች ውስጥ እጅግ ብዙ ነበረ፤ ዛሬም አልጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ሲፈጠር ምክንያት ነበረው። ምናልባት በፊት በመካከሉ ሌላ ሥራ ነበረና ያ ሥራ በኋላ ተሰርዞ ቅርፊቱ ብቻ ቀረ፤ ወይም ድራይቨሩ ለሌላ ኮምፒዩተር ከተጻፈ ኮድ የመጣ ሆኖ፥ የድሮውን ስም ላለመለወጥ ሲባል አዲሱን በድሮው ጠቀለሉት። እንዲህ ያለውን ማውጣት ቀላል ነው፤ የሚጠሩት ሁሉ በቀጥታ የከርነሉን እንዲጠሩ ማድረግና መጠቅለያውን መሰረዝ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ትልቁ ትምህርት ያለው መጠቅለያው በእውነት ሥራ በነበረው ጊዜ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገርም በ2014 ዓ.ም. በሊኑክስ ኔትዎርክ ክፍል ውስጥ ተፈጽሟል።

ጉዳዩን ለመረዳት አስቀድሞ ኢንተራፕት የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማቋረጫ ብንለው ይስማማዋል። አንድ አስተማሪ ሲያስተምር ዘበኛው በሩን አንኳክቶ «ደብዳቤ መጥቷል» ቢለው፥ አስተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ ደብዳቤውን ይቀበላል። ነገር ግን እዚያው በር ላይ ቆሞ አያነበውም፤ ከኋላ ሌላ የሚያንኳኳ ሊኖር ይችላልና። ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዘበኛውን ያሰናብታል፤ ወደ ትምህርቱ ከመመለሱ በፊትም በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ያነባል። በዚህ ምሳሌ አስተማሪው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ዘበኛው የኔትዎርኩ ካርድ ነው፤ ጠረጴዛው የፓኬቶች ሰልፍ ነው፤ ዘበኛው ከሄደ በኋላ የሚደረገው ንባብ ደግሞ ሶፍት-አይአርኪው የሚሉት፥ ለጥቂት ጊዜ የተላለፈ ሥራ ነው።

ፓኬቱን ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው ፋንክሽን ስሙ ኔቲፍ-አርኤክስ ይባላል፤ አርኤክስ ለመቀበል የተሰጠ አጭር ምልክት ነው። ለፈጣን ካርዶች ናፒ የሚባል ሌላ መንገድ አለ፤ ነገር ግን ለብሉቱዝ፥ በመኪና ውስጥ ላለው ካን ለሚባለው የሽቦ መስመርና ይህን ለመሳሰሉት ይኸኛው ያገለግላል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዳንድ ጊዜ ፓኬቱ የሚገኘው ዘበኛ አንኳክቶ አይደለም። አስተማሪው በገዛ ሥራው መካከል ሳለ አንድ ደብዳቤ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል እንበል። «ዘበኛውን ሳሰናብት አነበዋለሁ» የሚለው ልማድ በዚህ ጊዜ አይሠራም፤ የሚሰናበት ዘበኛ የለምና። ስለዚህ ደብዳቤው ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያንኳኳ ድረስ ሳይነበብ ይቀመጣል። በኮምፒዩተሩም የሚሆነው ይኸው ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ አጥቶ ሊያርፍ ሲል ያልተፈጸመ ሥራ መኖሩን አይቶ «ሎካል ሶፍት-አይአርኪው ፔንዲንግ 08» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። እዚህ ላይ ሒሳብ የሚወድ አንባቢ 08 ከየት እንደ መጣ ቢጠይቅ መልሱ ደስ ያሰኛል። የተላለፉት ሥራዎች ከ0 ጀምሮ ተራ ቁጥር አላቸው፤ ከኔትዎርክ መቀበል የሚለው 3ኛው ቁጥር ነው፤ 2 በራሱ 3 ጊዜ ሲባዛ ደግሞ 8 ነው።

ይህን ለማቃናት የከርነሉ ሰዎች ሁለተኛ ፋንክሽን ሠሩ፤ ስሙም ኔቲፍ-አርኤክስ-ኤንአይ ነው። ኤንአይ ማለት «በማቋረጫ ውስጥ አይደለም» ለማለት የተጻፉ ሁለት ፊደላት ናቸው። ይህ መጠቅለያ ነው፤ ነገር ግን ሥራ የነበረው መጠቅለያ፤

ተቀበል_ከማቋረጫ_ውጭ (ፓኬት)፦
ፓኬቱን በሰልፍ አስቀምጥ
የተላለፈ ሥራ ካለ አሁኑኑ ፈጽም

እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ሸክሙ በማን ላይ እንደ ወደቀ እንመልከት። ከእንግዲህ ወዲህ ድራይቨር የሚጽፈው ሰው ሁሉ «ይህ ኮዴ የሚሠራው በማቋረጫ ውስጥ ነው ወይስ ከማቋረጫ ውጭ?» ብሎ ማወቅ አለበት። አንዳንዱ ኮድ ደግሞ ከሁለቱም በኩል ይጠራል። ስለዚህ ሦስተኛ ስም ተጨመረ፤ ኔቲፍ-አርኤክስ-ኤኒ-ኮንቴክስት ተባለ፤

ተቀበል_በማናቸውም_ሁኔታ (ፓኬት)፦
በማቋረጫ ውስጥ ከሆንን፥ የመጀመሪያውን ጥራ
ካልሆንን፥ ሁለተኛውን ጥራ

እንግዲህ በመጠቅለያ ላይ መጠቅለያ ሆነ። በእኔ አስተያየት አንድ ኮድ መታረም እንደሚያስፈልገው የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ሦስቱም ስሞች የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓኬቱን መቀበል። የሚለያዩበት ጉዳይ ደግሞ ጠሪው መናገር የማይገባው፥ ተጠሪው ራሱ ዐይቶ ሊያውቀው የሚችል ነገር ነው። ሰው ወደ ሐኪም ቤት ሲሄድ «ቀን ነው የመጣሁት» ወይም «ሌሊት ነው የመጣሁት» ብሎ በሁለት በር ለይቶ እንዲገባ አይጠየቅም፤ ሰዓቱን በረኛው ራሱ ያያል።

በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022) ሰባስቲያን ሲዬቪዮር የተባለው የሊኑክስ ሠሪ ይህን አቃና። ይህ ሰው ሊኑክስ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሳይዘገይ መልስ እንዲሰጥ ለማድረግ ከሚደክሙት አንዱ ነው። የወሰደው መንገድ መጠቅለያዎቹን በቀጥታ መሰረዝ አልነበረም፤ አስቀድሞ የውስጡን ፋንክሽን ዐዋቂ አደረገው፤

ተቀበል (ፓኬት)፦
በማቋረጫ ውስጥ ካልሆንን፥ በተላለፈው ሥራ ላይ በሩን ዝጋ
ፓኬቱን በሰልፍ አስቀምጥ
በሩን የዘጋነው እኛ ከሆንን፥ ክፈተው

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ «የተላለፈውን ሥራ ፈጽም የሚለው መስመር የት አለ?» ብዬ እጅግ ፈለግሁ። በግልጥ የተጻፈ መስመር የለም። ዘዴው በበሩ መከፈት ውስጥ ነው። በከርነሉ ሕግ ያ በር ሲከፈት ደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ሥራ ሁሉ ወዲያውኑ ገብቶ ይፈጸማል። ስለዚህ በሩን ዘግቶ መክፈት ብቻ ሁለተኛው ፋንክሽን ይሠራው የነበረውን ይሠራል ማለት ነው። በማቋረጫ ውስጥ ከሆንን ደግሞ በሩ አይነካም፤ ሥራውም እንደ ቀድሞው ልማድ ከማቋረጫው በኋላ ይፈጸማል። ከዚህ በኋላ የቀሩት ሁለት ስሞች በእውነት ከቀኝ ተቀብሎ ወደ ግራ የሚያሳልፍ ጸሐፊ ሆኑ።

ቢሆንም ጸሐፊዎቹ ያን ዕለት አልተሰናበቱም። ስሞቹ ባዶ መጠቅለያ ሆነው ለጥቂት ሳምንታት ቆዩ፤ በዚያ ጊዜም የሚጠሯቸው ድራይቨሮች፥ የብሉቱዙ፥ የዋይፋዩ፥ የካኑና ሌሎቹም፥ ክፍል በክፍል ወደ መጀመሪያው ስም ተዛወሩ። የሚጠራቸው ሲጠፋ ብቻ ሁለቱም ተሰረዙ፤ ግንቦት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው ሊኑክስ 5.18 ያለ እነርሱ ወጣ። ተራው እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የከርነሉ ኮድ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ሳይበላሽ መሠራት አለበት፤ ኋላ አንድ ጉድለት ቢገኝ የትኛው እርምጃ እንዳመጣው ወደ ኋላ እየቆጠሩ ለመፈለግ የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ነውና። መጠቅለያው በመጀመሪያ ቢሰረዝ ኖሮ የሚጠሩት ድራይቨሮች ሁሉ በአንድ ቀን ይሰበሩ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ኮምፒዩተሩ ፈጠነ?» ብለው ጠይቀውኛል። አልፈጠነም። ባዶ መጠቅለያ የኮምፒዩተሩን ጊዜ የሚወስደው ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው፤ እንዲያውም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር ብዙ ጊዜ ራሱ ያቀልጠዋል። አዲሱ ፋንክሽን እንዲያውም «በማቋረጫ ውስጥ ነን?» ብሎ በየጊዜው መጠየቅ ስላለበት ጥቂት ሥራ ተጨምሮበታል። በዚህም ምክንያት ሁኔታቸውን አስቀድመው በእርግጥ ለሚያውቁ ጠሪዎች፥ ለምሳሌ ኮምፒዩተሩ ለራሱ ለሚልክበት ሉፕባክ ለሚባለው መንገድ፥ ጥያቄውን የሚዘል ሌላ ስም በዚያው ጊዜ ወጥቷል። እንግዲህ በትክክል ስንቆጥር ሁለት ስም ወጥቶ አንድ ስም ገባ። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ማቅለል ማለት ሁልጊዜ የስም ቁጥር መቀነስ ብቻ አይደለምና። ነገር ግን አዲሱን ስም የሚጠሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ያለ ጭንቀት አንዱን ይጠራል።

መጠቅለያ ከድካም በላይ ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜም አለ። ድሮ ፒሲአይ በሚባለው መስመር ለሚሰኩ ካርዶች የማስታወሻ ቦታ የሚጠይቅ መጠቅለያ ነበረ። ማስታወሻ ሲጠየቅ ሁለት ዓይነት አጠያየቅ አለ፤ አንዱ «ቦታ እስኪገኝ ልጠብቅ እችላለሁ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «መጠበቅ አልችልም፤ አሁን ካለ ስጠኝ፥ ከሌለም የለም በለኝ» የሚል ነው። መጠቅለያው ጠሪውን ሳያማክር ሁልጊዜ በሁለተኛው ዓይነት ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ መጠበቅ የሚችለው ድራይቨር ሁሉ፥ ሳያውቀው፥ እንደ ቸኮለ ሰው ሲጠይቅ ኖረ፤ ማስታወሻ በጠበበ ጊዜም ታግሦ ሊያገኘው የሚችለውን ቦታ ሊያጣ ይችል ነበር። መጠቅለያው በዚያው በ2014 ዓ.ም. ሲወጣ ምርጫው በጠሪው እጅ ገባ። ከለውጡ ብዙውን ክፍል ያቀለለው ኮክሲኔል የሚባል መሣሪያ ነው፤ «ይህን የመሰለውን ሁሉ በዚያ ለውጥ» የሚል ደንብ ቢሰጡት ሺህ ፋይል አገላብጦ ይለውጣል። የትኛው ድራይቨር መጠበቅ እንደሚችል ለይቶ የማወቁ ሥራ ግን ለሰው ቀረ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች ምን ያደርግልናል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ የማስበውን ልናገር። በከተማችን ከምንማረው መካከል ብዙው በቤቱ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ይናገራል፤ በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ሊኑክስ የተጻፈበት ሲ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው። እኔ የከርነሉን ኮድ የማነበው በፍላሽ ተገልብጦ የተሰጠኝን ነው፤ በስልክ ዳታ ማውረድ ገንዘብ ይፈጃልና። «ይህ ስም ከዚያኛው በምን ይለያል?» ብዬ የምጠይቀው ሰው አጠገቤ የለም። በርሊን ያለው መሐንዲስ ጎረቤቱን ጠይቆ በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰው ጥያቄ የእኔን አንድ ሌሊት ይበላል። ስለዚህ ከኮዱ ውስጥ የሚወጣው እያንዳንዱ ትርፍ ስም ከሁሉ ይልቅ የሚያቀልለው ሩቅ ላለው አንባቢ ነው። ፓኬቱ ወደ ስልኬ እንዴት እንደሚገባ በሦስት ስም ተበታትኖ ሳለ ግማሹን እንኳ አልተረዳሁም ነበር፤ በአንድ ስም ሲሰበሰብ ግን ከላይ እንደ ጻፍሁት ለሌላ ሰው ለማስረዳት ቻልሁ።

ሌላም ጥቅም አለ። በሊኑክስ ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ ከደብዳቤ ጋር ይቀመጣል፤ ማን እንደ ለወጠው፥ መቼ እንደ ተለወጠና ስለ ምን እንደ ተለወጠ ተጽፎ ይገኛል። አንድን መጠቅለያ ከማውጣት በፊት መመርመር ያለበትም ይህ መዝገብ ነው። ሁለተኛውን ፋንክሽን ያወጣ ሰው የጠረጴዛውን ደብዳቤ ነገር ሳያውቅ፥ «ይህ ሌላውን ይጠራል እንጂ ምን ይሠራል» ብሎ ከየካቲት 2014 ዓ.ም. በፊት ቢሰርዘው ኖሮ፥ ፓኬቶች በየጠረጴዛው ላይ ሳይነበቡ በቀሩ ነበር። ያኔ ጸሐፊው የጉምሩክ ሠራተኛ ነበረ፤ በኋላ ነው አሳላፊ የሆነው። መልኩ ግን ያኔም በኋላም ያው ነው፤ በመልክ ብቻ የሚፈርድ ሰው አይለየውም።

ይህን በዐይኑ ለማየት የሚወድ አንባቢ ሁለት የሊኑክስ ኮዶች ያግኝ፤ አንዱ መጋቢት 11 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው 5.17 ነው፤ ሁለተኛው 5.18 ነው። በሁለቱም ውስጥ ኔት የሚለውን ማኅደር፥ በውስጡም ኮር የሚለውን ከፍቶ ዴቭ የተባለውን ፋይል ይመልከት። ፋይሉ እጅግ ረጅም ስለ ሆነ ከላይ ወደ ታች ማንበብ አያስፈልግም፤ በስም መፈለግ ይበቃል። በመጀመሪያው ሦስቱንም ፋንክሽኖች በአንድ ስፍራ ተቀራርበው ያገኛቸዋል፤ በሁለተኛው ግን ኔቲፍ-አርኤክስን፥ ከላዩም በማናቸውም ሁኔታ ሊጠራ እንደሚችል የሚገልጸውን ማስታወሻ ያገኛል።